እቴጌ ሆኜ የከረምሁባት በጋ

ባለፈው እሑድ ከቀትር በኋላ መብራት ጠፋ። መብራት ሲጠፋ የእኛ ቤት ሰው ሁሉ በረንዳ ላይ ይወጣል፤ ከበረንዳው የጎንደር ቁስቋም ዛፎችና የፈረሰው የጥንቷ እቴጌ ግንብ ይታያል። የልጅ ልጄ ሕሊና ግን የላፕቶፗ ባትሪ ገና ስላላለቀ አንድ የኮሪያ ፊልም ከፍታ፣ እግሯን አጥፋ ተቀምጣለች። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት፤ የኮሪያ ተዋንያንን ስም ከአክስቶቿ ስም ይልቅ አጥርታ ታውቃለች። «አባባ፣ ይምጡ እስኪ፣ የነገሥታት ዘመን ነው፣ ይኼንን ይወዱታል» ስትለኝ መነጽሬን ፈልጌ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ከሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛ እያነበበች ታስረዳኛለች። ሰዎቹ አገር ላገር የሚዞሩ ተጫዋቾች ናቸው፤ ገመድ ላይ ይራመዳሉ፣ ከበሮ ይመታሉ፣ ገበያ መሐል ሹማምንትን እየመሰሉ ሰው ያስቃሉ። ኋላ ቤተ መንግሥት ይጠራሉ። ንጉሡ ከሳቀ ተረፉ፣ ካልሳቀ አለቀላቸው። ከመካከላቸው አንዱ ወንድ ሆኖ ሳለ ሴት እየሆነ የሚጫወት፣ ቀጠን ያለ፣ ዓይን አፋር ልጅ ነው። ፊቱን ተቀብቶ፣ ቀሚሱን እየጎተተ ዙፋኑ ፊት ሲቀርብ ወደ ላፕቶፑ ጠጋ አልሁ።

«እጁን እንሶስላ ቢያደርጉለት ሸጋ ነበር» አልሁ ሳላስበው።

ሕሊና ፊልሙን አቆመችው። «ምን አሉ አባባ?»

«ሴት የሚሆን ወንድ መጀመሪያ የሚያጋልጠው እጁ ነው። ፊት በቅባት ይሸፈናል፣ ድምፅም ይቀጥናል። እጅ ግን አይዋሽም።»

«እርስዎ ይኼንን እንዴት አወቁ?»

«እኔም አንድ በጋ ሙሉ እቴጌ ነበርሁ።»

ሳቀች። ፊቴን ስታይ ግን ሳቋን አቆመችና ላፕቶፑን ከደነችው። ከሟች ባለቤቴ በቀር ለልጆቼ እንኳ አንሥቼው አላውቅም። ከሠላሳ ዓመት በላይ አስተማሪ ሆኜ ስኖር ተማሪዎቼ እንዳይሰሙብኝ ስፈራ፣ ጡረታ ስወጣ ደግሞ ማን ያምነኛል እያልሁ ሰነበትሁ። ያዩት ሰዎች አብዛኞቹ አልፈዋል። አንዲት ሴት ብቻ፣ ጥሩወርቅ የምትባል፣ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ መድኃኒት ቤት ያላት፣ የደም ግፊት ኪኒኔን ልገዛ ስገባ «እቴጌ እንዴት ዋሉ?» ትለኛለች። ሠራተኞቿ በሸመገለ ሰው ላይ የምትቀልድ ይመስላቸዋል። ቀልድ አይደለም። ዙፋኑ የእሷ ነበር።

ዘመኑ ሁሉም ሰው የሚሰለፍበትና ሁሉም ሰው የሚዘምርበት ዘመን ነበር። መቼ ነበር ብባል ዓመቱን ከምናገር ሱሪውን ብናገር ይቀለኛል፤ እግሩ ጫማ የሚሸፍን ቤል ቦተም፣ ጉልበት ላይ ጥብቅ ያለ። ጠጉራችን አፍሮ ነው፤ ከአፍሮው ጎን የእንጨት ሚዶ ይሰካል፤ ሚዶ ያልሰካ ጎረምሳ ራቁቱን የወጣ ያህል ይሰማዋል። ፒያሳ ላይ ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ ከስሙኒ በታች። ጣሊያን በሠራው ሲኒማ ቤት ደጃፍ ላይ የሕንድ ፊልም ሥዕል ተለጥፎ፣ የመግቢያ ሳንቲም የሌለን ሰዎች ሥዕሉን አይተን ታሪኩን ራሳችን እንጨርሰዋለን። አሁን እዚያ ማዕዘን ላይ ቻርጀርና የስልክ ሽፋን ይሸጣል፤ ባጃጆች ሰው እየጠሩ ይተራመሳሉ። እኔ ግን ባለፍሁ ቁጥር የሚሸተኝ የፓስቲው ዘይትና የቀበሌው ኪነት ተጫዋች ሁሉ ልብሱን ይቀባው የነበረው ርካሽ ሽቶ ነው።

በዚያን ጊዜ የኪነት ቡድን የሌለው ቀበሌ አልነበረም። የእኛን የሚመራው ጋሽ መኮንን ነበር፤ ወፍራም፣ በሐሩርም በብርድም ካፖርቱን የማያወልቅ፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለ ሰው። ዘፈን በፊሽካ ያስጀምራል፣ በፊሽካ ያስቆማል። ሌሎች ኪነቶች መዝሙር ብቻ ሲያዜሙ እሱ ግን ድራማ ጻፈ። የጎንደር እቴጌ ልጇን ቀብራ መሳቅም ማልቀስም ታቆማለች። ንጉሡ አገር ላገር የሚዞሩ አዝማሪዎችን አስጠርቶ «ያሳቃት ይሸለማል፣ ያላሳቃት ይገረፋል» ይላል። ብዙዎች ይሞክራሉ፣ ይገረፋሉ። መጨረሻ ላይ አንድ አዝማሪ ይመጣና ማሳቁን ትቶ መሰንቆውን ብቻ ይመታል፤ ያን ጊዜ እቴጌዋ ሙሾ ታወጣለች፣ ታለቅሳለች፣ ትድናለች። አዝማሪውን የሚጫወተው ይርጋ ነበር፤ ከአይከል ወዲያ ካለ መንደር የመጣ፣ ሲስቅ ጥርሱ ሁሉ የሚታይ፣ መሰንቆውን እንደ ሕፃን በነጠላ ጠቅልሎ የሚያስተኛ ጓደኛዬ። እቴጌዋ ጥሩወርቅ ነበረች። እኔ ከመጋረጃ ጀርባ ደብተር ይዤ፣ ቃል የጠፋበትን በሹክሹክታ የማስታውስ ሰው ነበርሁ።

ታኅሣሥ ላይ ቡድኑ ወደ ሰሜን አውራጃዎች ወጥቶ እንዲያሳይ ታዘዘ። ሊነሣ ሦስት ቀን ሲቀረው የጥሩወርቅ እናት ልምምድ ላይ ገብተው ልጃቸውን ከዙፋኑ ላይ በእጇ ይዘው አስነሧት። «በጭነት ማኪና! ከጎረምሳ ጋር! አዲ አርቃይ ድረስ! እኔ ሳልሞት?» አሉና ዘውዷን ለጋሽ መኮንን አስታቅፈውት ሄዱ። ጋሽ መኮንን ፊሽካውን አፉ ውስጥ ከትቶ ሳይነፋው ብዙ ቆየ። ሌላ ሴት ለመፈለግ ጊዜ የለም፤ ቃሉን ሁሉ የሚያውቅ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ይርጋ አገጬን ይዞ ፊቴን ወደ ብርሃን አዞረና «ጢም የለውም፣ አንገቱም እንደ ሚዳቋ ነው፤ ምነው እንግዲህ?» አለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ማንም በስሜ የጠራኝ የለም። እቴጌ ብላ፣ እቴጌ ውኃ ቅዳ፣ እቴጌ ጆንያውን አንሣ።

እናቴ ወይዘሮ አስረበብ ሙሾ አውራጅ ነበረች። ከቁስቋም እስከ አዘዞ ሰው የሞተበት ቤት ሁሉ መጀመሪያ የሚልከው ወደ እሷ ነበር። ሟቹን ባታውቀውም ለቅሶ ቤቱ በር ላይ ቆማ ሁለት ሦስት ነገር ትጠይቃለች፤ ምን ይወድ ነበር፣ ማንን ተወ፣ ምን ሳይጨርስ ሄደ። ከዚያ ስትገባ የሟቹ እናት ያልተናገረችውን ትናገረዋለች። ድምፄን የወረስሁት ከእሷ ነው፤ ወንድ ልጅ በመሆኔ ምን እንደማደርገው ግን አላውቅም ነበር። የእቴጌዋን ሙሾ አስተምሪኝ ብዬ ስለምናት ፊቷ ጠቆረ።

«ሙሾ ለሳቅ አልሰጥም።»

«ማንም አይስቅም እማዬ።»

«ወንድ ልጅ ቀሚስ ለብሶ ሙሾ ሲያወርድ ማንም አይስቅም?»

«እንዳይስቁ አድርገሽ አስተምሪኛ።»

ብዙ አየችኝ። ከዚያ በርጩማዋን ሳብ አድርጋ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች፤ ሦስት ቀን ሙሉ ስታሠራኝ ሰነበተች። እንዴት እንደምቀመጥ፣ ነጠላው ከትከሻ ሲንሸራተት እንዴት በጣት ብቻ እንደሚመለስ፣ ድምፅ መጀመሪያ ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ እንደማይወጣ። ቃሉን ከራሷ አውጥታ ሰጠችኝ።

ቤቱ ሞልቶ ሳለ ባዶ ሆነብኝ፣
የሚጠራኝ ድምፁ ከደጅ ቀረብኝ።

በመጨረሻው ቀን እንሶስላ ቀጥቅጣ እጄንና እግሬን አሰረችልኝ። ስትፈታው መዳፌ እንደ ሙሽራ ቀልቷል። አይታ አይታ ሳቀች፤ ያን ያህል ስትስቅ አይቻት አላውቅም። «አንዲት ሴት ልጅ ስጠኝ ብዬ ስለምነው የኖርሁትን ዛሬ ሰማኝ» አለች። ብቸኛ ልጇ ነበርሁ።

ኤንትሬ በሚባለው የጭነት ማኪና ላይ ተጭነን ወጣን። ከዙፋኑ፣ ከከበሮውና ከባዶ ጆንያው ጋር አሥራ አንድ ሰው። ዳባት ላይ አሳየን፣ ደባርቅ ላይ በብርድ ጥርሳችን እየተንገጫገጨ አሳየን፤ ንጉሡ ዘውዱን በጋቢው ላይ ደፍቶ ነበር የተጫወተው። መግቢያው ለአዋቂ ስሙኒ ሲሆን ሳንቲም የሌለው እንቁላል ይዞ ይመጣል። ከዚያ ሊማሊሞን ወረድን። ዛሬ ቱሪስት ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ፎቶ የሚነሣበት ቦታ ነው። እኛ ግን ጣሊያን የቆረጠውን ያንን ጥምዝምዝ መንገድ ዓይናችንን ጨፍነን ነው የወረድነው፤ ሹፌሩ በየመጠምዘዣው ሲያማትብ ይርጋ መሰንቆውን አቅፎ «እቴጌ ሆይ፣ ከሞትን አንቺ ነሽ በክብር የምትቀበሪው» ይለኛል። ታች ስንደርስ ብርዱ ቀርቶ ሐሩር ተቀበለን። አዲ አርቃይ በዚያን ጊዜ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የተሰለፈ የቆርቆሮ ቤት ነበረች፤ በአሥመራና በጎንደር መካከል የሚመላለስ ማኪና የሚያርፍባት፣ ማርና በርበሬ የሚጫንባት።

አዳራሽ ስላልነበረ አንድ ነጋዴ የበርበሬ መጋዘኑን ለቀቀልን። አያ ካሳሁን ይባላል፤ ወፍጮ ቤትም አለው። አርባ ዓመቱን ያለፈ፣ ረጅም፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው፤ ሚስቱ ሞታ ሦስት ልጆች ይዞ ቀርቷል። መጋዘኑ ተጠርጎም የበርበሬው ብናኝ አልለቀቀም፤ ንጉሡ በዙፋኑ ላይ ያስነጥሳል፣ ተመልካቹ ይስላል፤ የእኔ እንባ እንኳ በመጀመሪያው ቀን ግማሹ የበርበሬው ነበር። አያ ካሳሁን ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ አየ። ሙሾው ላይ ስደርስ ባርኔጣውን አወለቀ። በማግሥቱ ደግሞ መጣ፣ ወደ መካከል ቀርቦ ተቀመጠ። ማምሻውን ሙክት በግና አንድ ገንቦ ማር ላከልን። ጋሽ መኮንን ሰዉ እቴጌን በሱሪ እንዳያያት ብሎ ከማደሪያችን፣ ከትምህርት ቤቱ፣ እንዳልወጣ ከልክሎኝ ነበር። ከሾው መልስ ነጠላ ተከናንቤ ስገባ የከተማው ሴቶች መንገድ ይለቁልኛል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ ለብሰው፣ ዘንግ ይዘው ትምህርት ቤቱ ግቢ ገቡ። ጋሽ መኮንን ወንበር ቢያቀርብ «ጉዳያችን እሺ እስኪባል አንቀመጥም» አሉ። እኔና ይርጋ ክፍሉ ውስጥ ሆነን በመስኮቱ ስንጥቅ እናያለን። አንደኛው ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ፤ ስለ አያ ካሳሁን ደግነት፣ ስለ ወፍጮው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሟች ሚስቱ ብዙ ተናገረ። ጋሽ መኮንን የመጋዘኑ ኪራይ ሊጠየቅ መስሎት ካፖርቱን ይቆልፋል፣ ይፈታል። «እንግዲህ ወላጆቿ እዚህ ስለሌሉ አባቷ እርስዎ ነዎት» አለ ሽማግሌው። «እቴጌዪቱን ለልጃችን ብለን መጥተናል።»

ይርጋ ነጠላውን አፉ ውስጥ ጎስጉሶ መሬት ላይ ተንከባለለ። ጋሽ መኮንን እውነቱን ሊነግራቸው አልደፈረም። «እንመካከር፤ ነገ መልስ እንሰጣለን» ብሎ ሸኛቸውና ላብ በላብ ሆኖ ገባ። የይርጋም ሳቅ ብዙ አልቆየም። «ሰውየው ሽማግሌ የላከው ለወንድ መሆኑ ከተሰማ ከዚህ አገር በምን ፊቱ ይኖራል?» አለ። «ሕዝቡ ሲስቅበት ያድራል። የሳቁበትን ትቶ ደግሞ እኛን ነው የሚያሳድደን፤ ቢገድለንም ማን ይፈርድበታል?» ጋሽ መኮንን ወሰነ። ዛሬ ሾው የለም፤ እቴጌ ታማለች ይባላል፤ ነገ ንጋት ላይ ሹልክ ብለን እንወጣለን። ሁሉም ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ።

እኔ ግን እጄ አልንቀሳቀስ አለኝ። የዚያ ሰው ፊት ነው የታየኝ። ከመድረክ ላይ ሆነህ ስታይ ሕዝቡ አንድ ጨለማ ነገር ነው፤ እሱ ግን ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ብቻውን ይታየኝ ነበር። ሹልክ ብንል በር በሩን ሲያይ ይከርማል፤ ሰዉም «ንቀውህ ሄዱ» ይለዋል። ቤል ቦተሜን ለበስሁ፣ አፍሮዬን አበጠርሁ፣ «ልነግረው ነው» ብዬ ወጣሁ። ጋሽ መኮንን ከኋላዬ ፊሽካውን ነፋ፤ አልቆምሁም። ይርጋ እየሮጠ ደረሰብኝና «ጥይት ከተተኮሰ ለእናትህ ምን ብዬ ልንገራት?» እያለ እስከ ወፍጮው በር ሸኘኝ።

ወፍጮው እየሠራ ነበር። እህል የያዙ ሴቶች በረድፍ ተቀምጠዋል። አያ ካሳሁን ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ለብሶ ቆሟል፤ ጠመንጃው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሲያየኝ ሞተሩን አጠፋው። ያ ሁሉ ጩኸት በአንድ ጊዜ ቆመ።

«ወንድሟ ነህ!» አለኝ ፊቱ በርቶ። «ቁርጥ እሷን። በዓይንህ አወቅሁህ።»

የመጣሁት እውነቱን ልናገር ነበር። ከአፌ የወጣው ግን «አዎ» ነው።

«ምነው ቆምህ፣ ና ወዲህ።» ከወፍጮው ጀርባ ዋንዛ ጥላ ሥር ወሰደኝ፤ ጠላ በዋንጫ አስቀዳልኝ። ከአፉ የወጣውን ሁሉ ልጽፈው አልችልም፤ ለእህትህ ለብቻዋ ቤት እሠራላታለሁ፣ መዝፈኗንም አልከለክላትም ይላል። ሃያ ዓመት የሞላው ሰው እንደዚያ ሲንተባተብ አላየሁም፣ እንኳን አርባ ያለፈው። ዋንጫውን በሁለት እጄ ይዤ አንገቴን ደፋሁ።

«አያ ካሳሁን… እህቴ ታጭታለች።»

ቀና ብዬ ባየው ፊቴን አያይም። ዋንጫውን የያዙትን እጆቼን ነው የሚያየው። ጣቶቼ እስከ ጥፍራቸው እንደ ሙሽራ ቀልተዋል። ከእጆቼ ወደ ፊቴ፣ ከፊቴ ወደ እጆቼ ተመለሰ። ያቺን ቅጽበት ዛሬም አልረሳትም፤ ዋንዛው ላይ እርግብ ነበረች።

«እንሶስላው ሸጋ ይዞልሃል» አለኝ በመጨረሻ።

«አያ ካሳሁን፣ እኔ ልነግርዎት ነበር የመ…»

«ተው።» እጁን አነሣ። ቁጣ አልነበረም። «ታጭታለች ብለሃል፣ ታጭታለች። ለሽማግሌዎቹም እኔው እንዲሁ እነግራቸዋለሁ። ይኼ ነገር በእኔና በአንተ መካከል ይቅር።»

የዋንዛውን ግንድ እያየ ቀጠለ። «ለእህትህ ግን አንድ ነገር ንገርልኝ። እኔ ሴት አጥቼ አይደለም ሽማግሌ የላክሁ። ባለቤቴ ስትሞት እንግዳ ስቀበል፣ ልጆች ሳባብል፣ ከብት ሳሳርድ፣ ሳላለቅስላት ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ እንባ እምቢ አለኝ። ሰው ጠንካራ ነው ይለኛል፤ እኔ ደርቄ ነው። እህትህ ያን ቃል ስታወጣው ግን ተነቃነቀልኝ። ያቺ ልጅ ቤቴ ብትገባ ያ ነገር አብሯት የሚገባ መሰለኝ። ቂል ነው በላት።»

«እህቴ ቂል አትልዎትም» አልሁ።

«ሙሾው የማን ነው?»

«የእናታችን።»

«ትኑርላችሁ።» ከተቀመጠበት ተነሣ። «ታማለች ብላችሁ ልትሸሹ ነበር፣ አይደል? አትሽሹ። ዛሬም ታሳይ። እኔ እናቴንና ልጆቼን ይዤ ፊት እቀመጣለሁ።»

ይርጋ በሩ ላይ በፍርሃት አመድ መስሎ ጠበቀኝ። «ምነው አልተኮሰም?» አለኝ። መንገዱን ሙሉ አለቀስሁ፣ እሱም ሳይጠይቀኝ ትከሻዬን ይዞኝ ሄደ።

ከቀትር በኋላ መጋዘኑ ጢም አለ። አያ ካሳሁን ዱቄቱን ታጥቦ፣ ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ አሮጊት እናቱን በቀኙ፣ ሦስቱን ልጆች በግራው አድርጎ ከፊት ተቀምጧል። ሽማግሌዎቹም አብረውት አሉ። ያን ቀን የይርጋ መሰንቆ ከሌላው ቀን ሁሉ ቀስ ብሎ ገባ። ሙሾውን ሳወጣ እናቴ እንዳስተማረችኝ መጀመሪያ ወደ ውስጥ ዋጥሁት። ሁለተኛው ቃል ላይ አያ ካሳሁን ጋቢውን ፊቱ ላይ አደረገ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ኋላ ድምፁ ወጣ። ትልቁ ሰውዬ ሕዝብ መካከል ሚስቱን በስሟ እየጠራ አለቀሰ። እናቱ ጀርባውን ትደባብሰዋለች፤ ልጆቹ ልብሱ ውስጥ ገብተው አብረውት ያለቅሳሉ። ከዚያ መጋዘኑ በሙሉ ለቅሶ ቤት ሆነ፤ ጋሽ መኮንን ሳይቀር በካፖርቱ እጅጌ ዓይኑን ጠረገ። በድራማው መጨረሻ ንጉሡ የሚናገረው ቃል ነበረው፤ አልተናገረውም፤ ማን ሊሰማው።

ጎንደር ስንመለስ ዝናችን ቀድሞን ደርሶ ነበር። ከላይ እንግዶች ሲመጡ በግንቡ ግቢ፣ በነገሥታቱ ቤት ደጃፍ እንድናሳይ ታዘዝን። እውነተኛ ግንብ ከኋላዬ፣ ከፊቴ ደግሞ ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ የተቀመጡ ትልልቅ ሰዎች። እናቴ ከጎረቤቶቿ ጋር ከአጥሩ ጥግ ቆማለች። ሙሾው ላይ ስደርስ ከእንግዶቹ አንዱ ወደ ጎረቤቱ ዘንበል ብሎ፣ ግን ሁሉ በሚሰማው ድምፅ «ወንድ እኮ ነው!» አለ። አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ተከተለ፤ ኋላ ወንበሩ ሁሉ ሳቀ። ትልቁ ሲስቅ የሚያዩት ከኋላ ያሉትም ሳቁ። ይርጋ መሰንቆውን አላቆመም፤ በዓይኑ «ጨርሰው» ይለኛል። ጨረስሁት። በማግሥቱ ሐዘኑ ከዘመኑ ጋር አይስማማም ተብሎ ከድራማው እንዲወጣ ተነገረን፤ በቦታው መዝሙር ገባ። እቴጌዋም አላስፈለገችም።

ሰዎቹ የሳቁ ዕለት ከእናቴ ጋር ወደ ቁስቋም ስንወጣ አንገቴን ደፍቼ ከኋላዋ ሄድሁ። ሙሾዋን ለሳቅ ሰጥቻለሁ፤ ምን እላታለሁ? በር ላይ ስንደርስ ነጠላዋን እያስተካከለች «እነዚያ ሰዎች ገና አልሞተባቸውም ልጄ» አለችኝ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመት አፌን ለዜማ አልከፈትሁም። አስተማሪዎች ማሠልጠኛ ገባሁ፣ አገባሁ፣ ልጆች ወለድሁ። ሠርግ ላይ ሰው ሲያጨበጭብ አጨበጭባለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሲዘመር ከንፈሬን ብቻ ነው የማንቀሳቅሰው። ይርጋ ኪነቱ ሲበተን መሰንቆውን በነጠላው ጠቅልሎ ወደ ሰሜን ሄደ፤ በየሠርጉ፣ በየማኅበሩ እየተጫወተ ኖረ። አልፎ አልፎ በሹፌር «እቴጌን ሰላም በሉልኝ» የሚል መልእክት ይደርሰኝ ነበር።

እናቴ የሞተችው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በጥር መጨረሻ ነው። ለቅሶው ላይ የከተማው ሰው ሁሉ ነበር፤ እሷ ያላለቀሰችለት ቤት አልነበረምና። ግን ዝም ያለ ለቅሶ ነበር። ሙሾ የሚያወርዱት ሌሎቹ ሴቶች እርስ በርስ ይተያያሉ፤ በእሷ ፊት ማን ይደፍራል? አንዷ ጀምራ ተወችው። እኔ ከወንዶቹ መካከል ጋቢዬን አጣፍቼ ቆሜያለሁ። በዚያ ዝምታ መካከል በአጥሩ በር ሁለት ሰዎች ገቡ። አንደኛው ይርጋ ነው፣ ጥርሱ ግማሹ የለም። ሁለተኛውን ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ። ረጅሙ ቁመቱ ጎብጧል፣ ጠጉሩም ቅንድቡም ነጭ ነው፤ ዱቄት መሰለኝ። መርዶውን ከሹፌር የሰማው ይርጋ ወፍጮ ቤት ድረስ ሄዶ ነግሮት፣ ሊማሊሞን በጭነት ማኪና ወጥተው ነው የመጡት።

አያ ካሳሁን ማንንም ሳያናግር ወደ እኔ መጣ። «እናትህ ናት አይደል፣ የሙሾው ባለቤት?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ግቢውን ዞሮ አየ፣ ሴቶቹን አየ፣ ዝምታውን ሰማ። «ምነው ታዲያ ያለ ሙሾ?» አለኝ። «አንተ እያለህ?»

ተማሪዎቼ ነበሩ፣ የተማሪዎቼ ወላጆች ነበሩ፣ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ነበር። ይርጋ ሳይጠይቀኝ ነጠላውን ፈታና መሰንቆውን አወጣ። ለቅሶ ላይ መሰንቆ የሚመታ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ሰዉም አላየም፤ ግን ማንም አልከለከለውም። ወደ ሴቶቹ መካከል ገባሁ። በር ላይ ቆማ የምትጠይቀውን ራሴን ጠየቅሁ፤ ምን ትወድ ነበር፣ ማንን ተወች። የመጀመሪያው ድምፅ ዝጎ ነበር የወጣው፤ ሁለተኛው ግን የራሴ ነበር። በሱሪዬና በጋቢዬ፣ በጎፈረ ጢሜ፣ ለእናቴ ሙሾ አወረድሁ። የሳቀ ሰው አልነበረም። ሴቶቹ ቃሉን ተቀበሉኝ፣ ግቢው በእንባ ሞላ።

«ከዚያስ?» አለችኝ ሕሊና። ፊቷ ርሷል፤ ላፕቶፑን አላየችውም።

ከዚያማ አያ ካሳሁን እስከ ሠልስት እኔ ጋር ሰነበተ። ቀን ቀን ከለቅሶተኛው ጋር ይቀመጣል፤ ምን ዘመዷ ነህ ሲሉት «ባለውለታዬ ነበረች» ይላል። ሌላ ሴት አለማግባቱን፣ ልጆቹን ብቻውን አሳድጎ መዳሩን ነገረኝ። በሠልስቱ ማግሥት ጠዋት አውቶቡስ ተራ ሸኘሁት። ይርጋ ቦታ ሊይዝ ቀድሞ ገብቷል። አያ ካሳሁን እግሩን መወጣጫው ላይ ካደረገ በኋላ ተመልሶ ወረደ።

«ያን ሁሉ ዓመት ስምህን ሳልጠይቅህ ኖርሁ» አለኝ።

«ጌትነት» አልሁት።

«ጌትነት» አለና እጄን በሁለት እጁ ያዘ። «ደህና ሁን፣ ጌትነት።»